የዓለም ቴአትር ታሪክና ዘይቤዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቴአትር ታሪክ ሲነገር ነገሩ ከአቴንስ ተነሥቶ፣ በለንደን በኩል አልፎ፣ ኒውዮርክ የሚያበቃ አንድ መንገድ ይመስላል። የሚከተሉት መልሶች በዚያ መንገድ አይሄዱም። የሕንድ፣ የቻይና፣ የጃፓን፣ የጃቫ፣ የኢራንና የምዕራብ አፍሪካ መድረኮች በአውሮፓው ላይ የሚጨመሩ ማሟያዎች ሳይሆኑ በራሳቸው እግር የቆሙ ጥበቦች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ቴአትር የት ተጀመረ?

አብዛኛው ሰው «ግሪክ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ መሠረት አለው፤ ሙሉ ሆኖ የደረሰን እጅግ ጥንታዊው የግሪክ ተውኔት፣ የኤስኪለስ «ፋርሶች»፣ አቴንስ ውስጥ የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የተረፈበት ቦታና ጥበቡ የተወለደበት ቦታ የግድ አንድ አይሆኑም። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በግብፅ፣ አቢዶስ በተባለው ቅዱስ ስፍራ፣ የኦሲሪስ ታሪክ በሰልፍና በፍልሚያ ትዕይንት ይቀርብ ነበር። በፈርዖን ሰኑስረት ሣልሳዊ ዘመን የኖረ ኢኸርኖፍረት የተባለ ባለሥልጣን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ራሱ እንደተሳተፈና የአምላኩን ጠላቶች እንዳባረረ በድንጋይ አስቀርጾ ትቷል። ታዲያ ያ ቴአትር ነው ወይስ አምልኮ? በጊዜው ለነበሩት ሰዎች ጥያቄው ራሱ ትርጉም የሚሰጣቸው አይመስለኝም።

ቴአትር በብዙ ቦታ፣ በብዙ ጊዜ ተወልዷል። አንድ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ በሰዎች ፊት ይቆማል፤ የሚያዩትም ይቀበሉታል። በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ውል አለ። ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን የሚለያየው የዚህ ውል ይዘት ነው፤ የቴአትር ዘይቤዎችን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

የጥንት ግሪኮች ቴአትር ምን ይመስል ነበር?

ትርኢቱ የሚካሄደው በጸደይ ወራት፣ ለዲዮኒሰስ በሚደረገው የከተማ በዓል ላይ፣ ከአክሮፖሊስ ኮረብታ ግርጌ፣ በቀን ብርሃን ነው። በዓሉ ውድድርም ነበር። ሦስት የትራጀዲ ደራስያን ይመረጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጀዲዎችና «ሳቲር» የሚባል አንድ ቀልደኛ ተውኔት ያቀርባሉ፤ በዕጣ የወጡ ዳኞች አሸናፊውን ይለያሉ። የኮረሱን፣ ማለትም እየዘመረና እየጨፈረ ታሪኩን የሚያጅበውን ቡድን ወጪ የሚሸፍነው አንድ ባለጸጋ ዜጋ ነው። ይህ በሀብታም ላይ የሚጣል የዜግነት ግዴታ ነበር፤ የሚያስከብርም ነበር።

ተዋንያኑ ከሦስት አይበልጡም፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ጭምብል እየለዋወጡ ንግሥቲቱንም፣ እረኛውንም፣ መልእክተኛውንም ይጫወታሉ። አሪስቶትል እንደሚለው ሁለተኛውን ተዋናይ የጨመረው ኤስኪለስ፣ ሦስተኛውን የጨመረው ሶፎክለስ ነው። ነገሩ የቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተዋናዩ አንድ ሲሆን የሚነጋገረው ከኮረሱ ጋር ብቻ ነው። ሁለት ሲሆኑ ሁለት ፈቃዶች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ሲነጋገሩ ቆሞ የሚሰማ ሰው ይኖራል። በሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ውስጥ ንግሥት ዮካስታ ባሏ ኤዲፐስና ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ቆማ ታዳምጣለች፤ አስፈሪው እውነትም፣ ባሏ የገዛ ልጇ መሆኑ፣ ከባሏ ቀድሞ ለእሷ ይገለጥላታል። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላም ይህን ትዕይንት በደንብ ሲጫወቱት ያየ ሰው የሚያየው ተናጋሪዎቹን ሳይሆን እሷን ነው።

ግድያ አብዛኛውን ጊዜ በተመልካች ዓይን ፊት አይፈጸምም። መልእክተኛ ወጥቶ የሆነውን ይናገራል፤ ከዚያ ሬሳው በተሽከርካሪ መድረክ ተገፍቶ ይወጣል። አማልክቱ ደግሞ በማንሻ መሣሪያ ከላይ ይወርዳሉ። ኮሜዲው ከዚህ ሁሉ የተለየ ድፍረት ነበረው፤ አሪስቶፋነስ በሕይወት ያሉ ፖለቲከኞችን በስማቸው እየጠራ ያዋርዳል፤ ሶቅራጥስንም «ደመናዎች» በተባለው ተውኔቱ ቅርጫት ውስጥ አንጠልጥሎ አሥቆበታል።

ከዚያ ሁሉ ሀብት የተረፈው ጥቂት ነው። ሶፎክለስ ከ120 በላይ ተውኔቶች ጽፎ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ብቻ ናቸው። ስለ ግሪክ ትራጀዲ በልበ ሙሉነት የሚሰጥ ማንኛውም ድምዳሜ፣ ይህ ጽሑፍ ጭምር፣ በዚህ ቁጥር መመዘን አለበት።

ሮማውያንስ ምን ጨመሩ?

ከግሪክ ወስደው ሳቁን አበዙት። የፕላውተስ ኮሜዲዎች ብልጥ ባሪያ፣ ስስታም አባትና ጉረኛ ወታደር የተሞሉ ናቸው፤ እነዚህ ገጸ ባሕርያት ከዚያ በኋላ ከአውሮፓ መድረክ ወርደው አያውቁም። ሼክስፒር «የስሕተቶች ኮሜዲ»ን የሠራው ፕላውተስ ስለ መንታ ወንድማማቾች በጻፈው ተውኔት ላይ ተመሥርቶ ነው። በሮም ከተማ ቋሚ የድንጋይ ቴአትር ቤት የተሠራው ግን ዘግይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55፣ ፖምፔይ በተባለው የጦር መሪ አማካይነት ነው።

የሕንድ ጥንታዊ ቴአትር በምን ይለያል?

ከሁሉ በፊት የተሟላ ንድፈ ሐሳብ በመያዙ። ባራታ ለተባለ ጠቢብ የሚሰጠው «ናትያ ሻስትራ» ስለ መድረክ አሠራር፣ ስለ ዓይንና ስለ ጣት እንቅስቃሴ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ተዋንያን አመራረጥ ሳይቀር የሚያስተምር ግዙፍ መጽሐፍ ነው። ማዕከላዊ ሐሳቡ «ራሳ» ይባላል። ተዋናዩ ስሜቱን በራሱ ላይ አፍስሶ አይጨርሰውም፤ ተመልካቹ የሚቀምሰው አድርጎ ያዘጋጅለታል። ስምንት ራሳዎች ተዘርዝረዋል፦ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ። በኋላ ዘመን ሰላም ዘጠነኛ ሆኖ ተጨምሯል። አሪስቶትል «ድርጊቱ እንዴት ተያይዟል?» ብሎ ሲጠይቅ ናትያ ሻስትራ «ያየው ሰው ምን ቀመሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ስለ ቴአትር ያለንን አመለካከት ይለውጣል።

በሳንስክሪት ተውኔቶች ነገሥታትና ብራህማኖች ሳንስክሪት ሲናገሩ ሴቶችና ዝቅተኛ መደብ ያላቸው ፕራክሪት የተባሉትን የሕዝብ ቋንቋዎች ይናገራሉ። ከሁሉም የታወቀው የካሊዳሳ «ሻኩንታላ» በ1789 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አውሮፓን አስደንቋል፤ ጀርመናዊው ገጣሚ ጎይቴም ካደነቁት አንዱ ነበር።

ይህ ወግ ሕያው ሆኖ የሚታይበት ጥበብ በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ የሚገኘው ኩቲያታም ነው። አንድ ተዋናይ ከአንድ ግጥም አንዷን ስንኝ ወስዶ በዓይኑ፣ በቅንድቡና በጣቶቹ ብቻ ለረጅም ሰዓት ያብራራታል፤ አንድን ገቢር ሙሉውን ለማሳየት በርካታ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ። እዚያ ያለው ውል «ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ አትቸኩል፤ ስሜቱ እንዴት እንደሚከፈት እይ» የሚል ነው።

የቻይና ኦፔራ መድረክ ለምን ባዶ ሆነ?

ዕቃው በተዋናዩ አካል ውስጥ ስላለ ነው። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች ተራራም፣ አልጋም፣ የከተማ ግንብም ይሆናሉ። ተዋናዩ ዘርፍ ያለው ጅራፍ ከያዘ ፈረስ ላይ ነው፤ የጅራፉ አያያዝ እየጋለበ ይሁን እየወረደ ይናገራል። መቅዘፊያ ከያዘ ጀልባ ላይ ነው፤ ሲራመድም ውኃው ይታያል። አራት ወታደሮች አንድ ሠራዊት ናቸው።

የዚህን ውል ጥልቀት የሚያሳይ «ሳንቻኮው» የተባለ የታወቀ ትዕይንት አለ። ሁለት ሰዎች በጨለማ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን ሳያየው፣ በዳሰሳ ይዋጋሉ። መድረኩ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ሰይፉ ከአፍንጫ በስንዝር ሲያልፍ ተመልካቹ ሁሉንም ያያል፤ ተዋጊዎቹ ምንም አያዩም። መብራት አጥፍቶ ጨለማን ማሳየት ማንም ይችላል፤ በብርሃን ውስጥ ጨለማን መጫወት ግን ከሕፃንነት የሚጀምር ልምምድ ይጠይቃል።

ፔኪንግ ኦፔራ የምንለው ዘይቤ የሚነሣው በ1790 ከአንኹዊ ግዛት የመጡ ቡድኖች ለንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ 80ኛ ዓመት ልደት ወደ ቤጂንግ ከመጡበት ጊዜ ነው። የቻይና ተውኔት ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን ጓን ኻንቺንግ ስለ ተበደሉ ተራ ሰዎች ይጽፍ ነበር፤ በ1598 ደግሞ ታንግ ሺየንዙ 55 ትዕይንቶች ያሉትን «የፒዮኒ ድንኳን» ጽፏል። በፔኪንግ ኦፔራ ገጸ ባሕርያቱ በአራት ይከፈላሉ፦ ሼንግ ወንድ፣ ዳን ሴት፣ ጂንግ ፊቱን በቀለም የተቀባው ኃያል ሰው፣ ቾው ደግሞ አሥቂኙ። የፊቱ ቀለም ጠባይን ይናገራል፤ ቀይ ታማኝነትን፣ ጥቁር ቀጥተኛነትን፣ ነጭ ተንኮልን።

ኖ፣ ካቡኪና ቡንራኩ ምንና ምን ናቸው?

ሦስቱም የጃፓን ናቸው፤ መንፈሳቸው ግን በጣም ይራራቃል።

ኖ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካንአሚና በልጁ በዜአሚ እጅ፣ በሾጉኑ፣ ማለትም በወታደራዊው ገዥ በአሺካጋ ዮሺሚትሱ ድጋፍ ቅርጹን ያገኘ ነው። በመድረኩ ጀርባ የተሣለ አንድ የጥድ ዛፍ አለ፤ ከጎን ተዋንያን የሚገቡበት ረጅም ድልድይ አለ። ብዙውን ጊዜ አንድ መንገደኛ መነኩሴ ወደ አንድ ስፍራ ይመጣል፤ የአገሩን ሰው ያገኛል፤ ያ ሰው በኋላ እዚያ የሞተ ሰው መንፈስ መሆኑ ይገለጣል፤ መንፈሱም ያልለቀቀውን ፍቅር ወይም ቁጭት ይጨፍረዋል። ጭምብሉ ከእንጨት የተቀረጸ ነው፤ ሆኖም ተዋናዩ ትንሽ ቀና ሲል የሚያበራ፣ ጎንበስ ሲል የሚያዝን ይመስላል። ዜአሚ ስለ ትወና የጻፋቸው ጽሑፎች የተዋናይን ሥልጠና ከሰባት ዓመቱ ጀምረው በየዕድሜው ይከታተላሉ፤ በማንኛውም አገር ያለ ተዋናይ ቢያነባቸው እላለሁ። በኖዎች መካከል ኪዮገን የሚባሉ አጫጭር አሥቂኝ ተውኔቶች ይገባሉ።

ካቡኪ የከተማ ሕዝብ ልጅ ነው። በ1603 ኪዮቶ ውስጥ ኦኩኒ የተባለች ሴት ከቡድኗ ጋር ያሳየችው ጭፈራ ጅማሬው ሆነ። መንግሥት በ1629 ሴቶችን፣ በ1652 ደግሞ እነሱን የተኩትን ወጣት ወንዶች ከመድረክ ከለከለ፤ ስለዚህ ጎልማሳ ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱበት ጥበብ ተፈጠረ። ተዋናዩ በተመልካች መካከል በሚያልፍ መንገድ ላይ ይመጣል፤ የታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይኑን አፍጥጦ እንደ ሥዕል ይቆማል፤ ከኋላ የተቀመጡ አዋቂዎችም የቤተሰቡን የመድረክ ስም ጠርተው ይጮኻሉ። ዝምታ እዚህ ጨዋነት አይደለም። የሚሽከረከር መድረክንም ጃፓኖች ለካቡኪ በ1758 ሠርተውታል።

ቡንራኩ የአሻንጉሊት ቴአትር ነው፤ የልጆች ግን አይደለም። አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፦ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ግራ እጁን፣ ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን። በወጉ መሠረት ወደ ዋናነት ለመድረስ በእግሩ ላይ አሥር ዓመት፣ በግራ እጁ ላይ አሥር ዓመት ይሠራል። ታሪኩን በሙሉ የሚያዜመው በጎን የተቀመጠ አንድ ተራኪ ነው። ደራሲው ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን በ1703 አብረው ራሳቸውን ስላጠፉ ሁለት ፍቅረኞች የጻፈው ተውኔት ከእውነተኛ አደጋ የተነሣ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ታሪኮች እውነተኛ ሞትን ስለሚያባብሱ በ1723 መንግሥት አገዳቸው።

ጥላ ብቻ የሚታይበት ቴአትር እውነት አለ?

አለ፤ የጃቫው ዋያንግ ኩሊት ነው። ከቆዳ የተፈለፈሉ ምስሎች በመብራትና በነጭ ጨርቅ መካከል ይንቀሳቀሳሉ። ዳላንግ የሚባለው አንድ ሰው ከምሽት እስከ ንጋት ተቀምጦ ሁሉንም ምስሎች ያንቀሳቅሳል፤ የሁሉንም ድምፅ ያወጣል፤ የጋሜላኑን የሙዚቃ ቡድንም ይመራል። ታሪኮቹ በአብዛኛው ከሂንዱዎቹ ማሃባራታና ራማያና የተወሰዱ ሲሆኑ ተመልካቹ ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ይህ ለዘመናት ማንንም አላስቸገረም። ተመልካች ከፈለገ ጥላው ባለበት፣ ከፈለገ ዳላንጉ ባለበት ወገን ይቀመጣል።

ቴአትርና ሃይማኖት ጠላቶች ናቸው?

ጠላትም እናትና ልጅም ሆነው ያውቃሉ። የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን የሮማን ትርኢቶች አውግዛለች፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በትንሣኤ ሥርዓቷ ውስጥ ሴቶቹ ወደ ክርስቶስ መቃብር መጥተው ከመልአኩ ጋር የሚነጋገሩበትን ትዕይንት መነኮሳት ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ነገሩ ወደ አደባባይ ወጣ። በእንግሊዟ ዮርክ የእጅ ሥራ ማኅበራት ከፍጥረት እስከ ፍርድ ቀን ያለውን ታሪክ ተከፋፍለው በሠረገላ ላይ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበር፤ የኖኅን መርከብ ትዕይንት መርከብ ሠሪዎች ይወስዱታል። የጀርመኗ መንደር ኦበራመርጋው በ1633 ከወረርሽኝ ለመዳን በተሳለችው ስዕለት መሠረት የክርስቶስን ሕማማት ከ1634 ጀምራ እስከ ዛሬ ታሳያለች፤ አሁን በየአሥር ዓመቱ ነው።

የበለጠ የሚመስጠኝ የኢራን ታዕዚዬ ነው። በ680 ካርበላ ላይ የተገደለውን የኢማም ሑሴንን ሰማዕትነት ያሳያል። የሑሴን ወገኖች አረንጓዴ ለብሰው በዜማ ይናገራሉ፤ ጠላቶቹ ቀይ ለብሰው ያለ ዜማ ይጮኻሉ። ተዋናዮቹ ቃሉን ከልብ ቢያውቁትም ጽሑፉን በእጃቸው ይይዛሉ፤ «እኔ ሑሴን ነኝ» ወይም «እኔ ገዳዩ ነኝ» እንዳይሉ ነው። ገዳዩን የሚጫወተው ሰው የሚፈጽመውን ድርጊት እያሳየ ራሱ ያለቅሳል። ተመልካቹም ያለቅሳል። ተዋናይ ገጸ ባሕርዩን «መሆን» አለበት ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ኮሜዲያ ዴላርቴ ምንድን ነው?

ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን የተነሣ፣ በሙያተኛ ተዋንያን የሚሠራ ቴአትር ነው። ሙሉ ጽሑፍ የለውም። ከመድረክ ጀርባ የታሪኩ አካሄድ ይሰቀላል፤ ቃሉን ተዋናዩ እዚያው ይፈጥረዋል። ገጸ ባሕርያቱ ቋሚ ናቸው፦ ስስታሙ ነጋዴ ፓንታሎኔ፣ ለፍላፊው ዶቶሬ፣ ፈሪው ጉረኛ ካፒታኖ፣ ሁልጊዜ የሚርበው አገልጋይ አርለኪኖ። በ1545 ፓዶቫ ውስጥ ስምንት ሰዎች የተፈራረሙት ውል የዚህ ሙያ ጥንታዊ ማስረጃ ነው፤ ገቢያቸውን በጋራ ሣጥን ሊያኖሩ፣ የታመመውን ሊረዱ ተስማምተዋል። ተዋናይነት እንደ ማንኛውም ሙያ እንጀራ መሆኑን ያ ወረቀት ይመሰክራል።

ሼክስፒር ሲታይ አዳራሹ ምን ይመስል ነበር?

ጣሪያው ክፍት፣ ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ፣ ትዕይንት የሚያሳይ ሥዕልም ሆነ መጋረጃ እምብዛም የሌለበት። በ1599 በተሠራው ግሎብ አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው መድረኩ ሥር ቆሞ ያያል። ሌሊት መሆኑን የሚያስታውቀው ቃሉ ነው፤ በ«ሐምሌት» መክፈቻ ዘበኞቹ በጠራራ ብርሃን «ማነህ?» እየተባባሉ ጨለማውንና ብርዱን ይፈጥራሉ። እንደ ቻይናው ሁሉ ውሉ ያለው በተመልካቹ ምናብ ላይ ነው።

ግሎብ በ1613 «ሄንሪ ስምንተኛ» ሲታይ የተተኮሰ የመድፍ ብልጭታ ክዳኑን አያይዞት ተቃጠለ፤ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተሠራ። ሼክስፒር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ ባልደረቦቹ 36 ተውኔቶቹን በአንድ ቅጽ አሳተሙ። ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም ነበር፤ «ማክቤዝ» ከእነዚያ አንዱ ነው። ሁለት ተዋንያን ለጓደኛቸው ባይቆረቆሩ ኖሮ ዛሬ «ማክቤዝ» ባልኖረን ነበር።

ሴቶች ወደ መድረክ የወጡት መቼ ነው?

እንደየአገሩ ይለያያል። በኩቲያታም የሴቶቹን ክፍል ሴቶች ለዘመናት ተጫውተዋል። በጣሊያን ኢዛቤላ አንድሬኒ (1562–1604) ኮከብም ገጣሚም ነበረች። እንግሊዝ ግን እስከ 1660 ድረስ ጁልዬትንም ዴዝዴሞናንም ያጫወተችው በወንድ ልጆች ነው። ጃፓን በተቃራኒው የነበሩትን ሴቶች አስወጣች፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ታካራዙካ የተባለው፣ ወንዶቹንም ሴቶች የሚጫወቱበት ቡድን በ1914 የመጀመሪያ ትርኢቱን አሳየ። ክልከላዎቹ የጥበብ ጥያቄ ሆነው አያውቁም፤ ሴት በአደባባይ ትታይ ወይስ አትታይ የሚል የሥልጣን ጥያቄ ነበሩ።

«እንደ እውነተኛ ሕይወት» የሚመስለው ቴአትር መቼ መጣ?

ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ብዙዎቻችን ስለ ጥሩ ትወና ስናስብ መለኪያችን «እውነት ይመስላል?» የሚል ነው፤ ይህ መለኪያ ግን በዋናነት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ ነው። መብራት አንዱ ምክንያት ነበር። በ1881 የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር በኤሌክትሪክ በራ፤ መድረኩን ብቻ አብርቶ አዳራሹን ማጨለም እየተለመደ ሲሄድ ተመልካቹ በሌሊት በመስኮት ወደ ሰው ቤት እንደሚያይ ጎረቤት ሆነ። የኖርዌዩ ደራሲ ኢብሰን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አስቀመጠ። በ1879 «የአሻንጉሊት ቤት» ሲታይ ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ መውጣቷ አውሮፓን አነጋገረ። በጀርመን ይህ ፍጻሜ እንዲለወጥ ግፊት በዝቶ ኢብሰን ራሱ ኖራ የምትቀርበትን መጨረሻ ጻፈ፤ እጅግ ይጸየፈው ነበር።

ሞስኮ ውስጥ ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ሲመሠርቱ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በፒተርስበርግ የወደቀውን የቼኾቭን «ሲጋል» አንሥተው ለድል አበቁት። ያው ጽሑፍ ነው። የተለወጠው ተዋንያኑ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ዝምታ መጫወት መማራቸው ነው።

ብሬክት ታዲያ በምን ተቃወመ?

ጀርመናዊው ደራሲ ብሬክት እንዲህ እውነት በሚመስል ቴአትር ተመልካቹ በስሜት ሰጥሞ ማሰብ ያቆማል ብሎ ሠጋ። ስለዚህ መብራቶቹ እንዲታዩ፣ ቀጥሎ የሚሆነው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገር፣ ታሪኩ በዘፈን እንዲቋረጥ፣ ተዋናዩም ገጸ ባሕርዩን ከጎኑ ቆሞ እንዲያሳየው አደረገ። «ይህ የግድ እንዲህ መሆን ነበረበት?» የሚለውን ጥያቄ ተመልካቹ ይዞ እንዲወጣ ፈልጎ ነው።

ይህን ሐሳቡን ያጠናከረለት በ1935 ሞስኮ ላይ ያየው የቻይናው ተዋናይ ሜይ ላንፋንግ ነው። ፈረንሳዊው የቴአትር ሰው አርቶም በ1931 ፓሪስ ላይ የባሊን ጭፈራ አይቶ ነው ስለ አዲስ ቴአትር የጻፈው፤ አየርላንዳዊው ገጣሚ ዬትስም ከኖ ተነሥቶ በ1916 ተውኔት ሠርቷል። የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ «አዲስ» ያለው ብዙው ነገር በእስያ መድረክ የቆየ ውል ነበር። ይህ በበቂ አይነገርም።

የአብሰርድ ቴአትር ትርጉም የለውም?

የሕይወትን ትርጉም አልባነት የሚያሳየው ይህ ቴአትር ትርጉም አለው፤ ትርጉሙን ግን አይተርክም። የቤኬት «ጎዶን ጥበቃ» በ1953 ፓሪስ ሲታይ ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው ይጠብቃሉ፤ በቃ። ግራ የተጋቡ ምሁራን ነበሩ። በ1957 ተውኔቱ በካሊፎርኒያው ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ሲታይ ግን ታራሚዎቹ በጽሞና ተከታተሉት። መጠበቅ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም።

አፍሪካ ውስጥ ቴአትር ከቅኝ ግዛት ጋር የመጣ ነው?

አይደለም። ባለ መጋረጃው አዳራሽ መጣ እንጂ ትወናው ነበረ። የዮሩባ አላሪንጆ ተጓዥ ቡድኖች ጭምብል ለብሰው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር፤ ኮቴባ የሚባለው የማሊ ትርኢት በመንደር አደባባይ ባለሥልጣኑንም ባልና ሚስቱንም ይተቻል። በ1986 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ወሌ ሾይንካ የዮሩባን ሥርዓትና የግሪክን ትራጀዲ ያገናኘው አንዱን በሌላው ለማስጌጥ ሳይሆን ዝምድናቸውን ስላየ ነው፤ «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ»ን ያነበበ ይህን ያውቃል።

በኬንያዋ ካሚሪዙ ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በ1977 ከገበሬዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት ሠሩ። ነዋሪው ቃለ ተውኔቱን ሲሰማ «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም» እያለ ያርም ነበር፤ ክፍት አየር ቴአትሩንም በእጁ ሠራው። መንግሥት ትርኢቱን አገደ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን በዚያው ዓመት መጨረሻ አሠረ፤ በ1982 ቴአትሩን አፈረሰ። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካም ጆን ካኒ፣ ዊንስተን ንትሾናና አቶል ፉጋርድ አብረው «ደሴቲቱ»ን ፈጠሩ፤ ሁለት እስረኞች የሶፎክለስን «አንቲጎኔ» ሲለማመዱ የሚያሳይ ነው።

ተመልካቹ ራሱ የሚጫወትበት ቴአትርስ?

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዓል (1931–2009) የፈጠረው የፎረም ቴአትር ነው። አንድ በደል በአጭር ተውኔት ይታያል፤ ተበዳዩም ይሸነፋል። ከዚያ ተውኔቱ እንደገና ይጀመራል፤ ማንኛውም ተመልካች «ቁም!» ብሎ የተበዳዩን ቦታ ወስዶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በዳዩን የሚጫወቱት ግን በቀላሉ አይለቁለትም። ቦዓል በ1990ዎቹ የሪዮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ በዚህ መንገድ ከሕዝቡ የመጡ ሐሳቦችን ሕግ አድርጎ አጽድቋል። ከግሪክ ኮረስ ጀምሮ ካየናቸው ውሎች ሁሉ ይህኛው እጅግ ደፋሩ ነው፤ የተመልካቹን መቀመጫ ጨርሶ ያነሣዋልና።

ሙዚቃዊ ቴአትር የአሜሪካ ፈጠራ ነው?

ዘፈንና ጭፈራ ያልነበረበት ጥንታዊ ቴአትር ጥቂት ነው። የአሜሪካው የብሮድዌይ ቅርጽ የራሱ ታሪክ አለው፤ «ሾው ቦት» በ1927፣ «ኦክላሆማ!» በ1943 ዘፈኑን ከታሪኩ ጋር ማዋሐድ ላይ ትልልቅ እርምጃዎች ነበሩ።

ለጀማሪ ከየት መጀመር ይሻላል?

ለማንበብ «ንጉሥ ኤዲፐስ»፣ «የአሻንጉሊት ቤት»ና «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» ጥሩ መነሻ ናቸው። ብቻችሁን በዓይን ብቻ አታንብቡ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍላችሁ በድምፅ አንብቡ። ወረቀት ላይ ደረቅ የሚመስል ንግግር ሌላ ሰው ፊት ለፊት ሲመልስለት የሚያደርገው ነገር ይገርማችኋል።

ኖን፣ ኩቲያታምንና ፔኪንግ ኦፔራን ግን ከጽሑፍ አትጀምሩ፤ ጽሑፉ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በቪዲዮ የተቀረጹ ትርኢቶችን ፈልጉ። ታሪኩን ቀድማችሁ አንብቡት፤ የእነሱ ተመልካችም የሚመጣው አውቆት ነው። ከፔኪንግ ኦፔራ «ሳንቻኮው»ን አስቀድሙ፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ቋንቋው አያግዳችሁም። ኖን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ስልካችሁን አርቃችሁ፣ እግሩ ወለሉን እየታከከ እንዴት እንደሚንሸራተት እየተከተላችሁ እዩት።